የጉሬዛ አውራ ጣትና ቀዩ ፍሬ

ዱሮ፣ በጣም ዱሮ፣ አውሬ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ተሳድቦ በዚያው ቋንቋ በሚታረቅበት ዘመን፣ ስሟን ዛሬ ማንም በማያስታውሰው አንዲት ቆላ አገር፣ ጉሬዛ የምትባል አልቃሽ ነበረች።

ጉሬዛን ታውቋታላችሁ። ሰውነቷ ጥቁር ነው። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ነጭ ጠጉር እንደ ነጠላ ወርዶላታል። ሌላው ዘመድ ሲሞትበት ልብስ ይቀይራል፤ እሷ ግን ከተወለደች ጀምሮ ለለቅሶ የለበሰች ነበረች። ስለዚህ የአገሩ አውሬ ሁሉ፣ "የሐዘንን ነገር ለጉሬዛ ተዉት" ይል ነበር።

ጉሬዛ ግን እንባ አልነበራትም።

ይህ የታወቀው እናቷ የሞተች ዕለት ነው። አገሩ ሁሉ መጣ። ሚዳቋ አለቀሰች፤ ከርከሮ አለቀሰ፤ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ የተነገረው አያ ጅቦ እንኳ ከሩቅ ሆኖ አለቀሰ። ጉሬዛ መሐል ተቀምጣ ዓይኗን ብታሽ፣ ብትጨምቅ፣ ምንም የለም። እንደ በጋ ጉድጓድ ደርቋል።

"አየሻት?" አለች አንዷ ለጎረቤቷ።

"እናቷ እኮ ናት!"

"ተይኝ እቴ። ልብሱ ብቻ ነው ለካ!"

ጉሬዛ ሰማች። የቀረበላትን ሳትቀምስ ተነሥታ ወደ ገደሉ ሄደች። ሦስት ቀን እዚያው ቆየች። ከቅጠል በቀር አልበላችም፤ ከራሷ በቀር የሚያናግራት አልነበረም። ራሷን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "እወዳት ነበር። ታዲያ የት ሄደ?"

በሦስተኛው ቀን ከገደሉ ሥር አንድ ቁጥቋጦ አየች። ፍሬው ቀይ ነው፤ ከሕፃን ጣት አይበልጥም፤ ጫፉ ወደ ሰማይ ቆሟል። ድንቢጥ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ አንዱን ለቀም፣ ሌላውን ለቀም ታደርጋለች።

"ድንቢጥ፣ ምንድን ነው የምትበዪው?"

"ቁርሴን።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

"ቁርስ ስም አለው እንዴ? ይበላል እንጂ!"

"ይጥማል?"

"ባይጥም በየማለዳው እመጣ ነበር? ቅመሺ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል!"

ጉሬዛ አንዲት ፍሬ ቀጠፈችና በመንጋጋዋ ሰበረቻት።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ምላሷ ላይ ፍም አረፈ። ፍሙ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ፤ ተመልሶ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ጉሬዛ ዘለለች፤ ድንጋይ ላሰች፤ የገዛ ጭራዋን ነከሰች።

"እሳት! እሳት አበላሽኝ!"

"እኔ የምበላውን ነው የበላሽው። የምን እሳት?" አለች ድንቢጥ፤ ሌላ ለቀም አደረገች። አልዋሸችም። ወፍ እስከ ዛሬ የዚያን ፍሬ ማቃጠል አታውቀውም።

ጉሬዛ ወደ ወንዙ ሮጠች። ልትጠጣ ስታጎነብስ ውሃው ላይ አንድ ፊት አየች። ዓይኑ ቀልቷል። እንባው በሁለት መስመር ይወርዳል። አፍንጫው ይንጠባጠባል። እናቷን የቀበረች ልጅ ፊት ነበር። ጉሬዛ መጠጣቱን ትታ ብዙ ቆይታ አየችው።

"ይኸው!" አለች። "ሦስት ቀን ዘገየ እንጂ፣ ይኸው!"

ተመልሳ ከፍሬው ለቀመችና አንዱን ከቀኝ እጇ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሸሸገች። ልብ በሉ፣ ልጆች፤ በዚያ ዘመን ጉሬዛ አውራ ጣት ነበራት።

አሁን ስለ አባ ኤሊ ልንገራችሁ። አባ ኤሊ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። ቀብር ያለ እሳቸው አይፈጸምም፤ ፍርድ ያለ እሳቸው አይሰጥም። ችግራቸው እግራቸው ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ቢነሡ የሚደርሱት ለሙት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ገና ሰው ሲታመም መንገድ ይጀምራሉ። በሽተኛው ከዳነ ከመንገድ ይመለሳሉ፤ ከሞተ ለቀብሩ ይደርሳሉ። አገሬውም አባ ኤሊን መንገድ ላይ ካየ፣ ከሰላምታ በፊት "ማን ታመመ?" ይላል። በሽተኛው ራሱ ከሩቅ ሲያያቸው ከመኝታው ብድግ ብሎ፣ "ይመለሱ አባ ኤሊ! ሻል ብሎኛል!" እያለ ይጮኽ ነበር።

ጉሬዛ ይህን አወቀችና ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች አባ ኤሊን መከተል ጀመረች። እሳቸው በሚሄዱበት ለቅሶ አለ። ለቅሶ ባለበት እዝን አለ።

እዝን ጎረቤት ለሐዘንተኛ ቤት የሚያመጣው ምግብ ነው። ሐዘንተኛ እሳት አያነድም፤ ጎረቤት ያበላዋል። በዚያ አገር ወግ ደግሞ ከሐዘንተኛው ቀጥሎ እዝኑ የሚቀርበው አብልጦ ላለቀሰ ነው። ያላለቀሰ ተቀምጦ ያያል።

መጀመሪያ የሞተው ከርከሮ ነው። ጉሬዛ ከጓሮው ዛፍ ጀርባ ቆማ ፍሬውን በጥፍሯ ጨመቀች። አንድ ለቀኝ ዓይን፣ አንድ ለግራ ዓይን። ከዚያ ደረቷን እየመታች ገባች።

"ሥር ቆፋሪው ጌታ፣ መሬት ያረሰው፣
ዛሬ መሬት ዞሮ እሱን ጎረሰው!"

እንባው በነጩ ጠጉሯ ላይ ይወርዳል። አገሩ ተንሰቀሰቀ። የከርከሮ ሚስት የራሷን ለቅሶ አቋርጣ አየቻት።

"እኛ እኮ ስናማት ነበር፤ አፈር ያስበላን!" አለች ሚዳቋ። "ጉሬዛ አለቀሰች፤ ለጉሬዛ አቅርቡላት!"

ንፍሮ ቀረበ። የተጠበሰ ሥራ ሥር ቀረበ። ማር ከነሰፈፉ ቀረበ።

ቀጥሎ የሚዳቋ አማት ሞተች። አንድ ለቀኝ ዓይን፣ አንድ ለግራ ዓይን። ሙሾው ያው የከርከሮ ሙሾ ነበር፤ "ሥር ቆፋሪው" የሚለውን "ሣር ቀንጣቢዋ" ብላ ለወጠችው እንጂ። "ጉሬዛ አለቀሰች፤ ለጉሬዛ አቅርቡላት!"

ቀጥሎ ከወንዝ ማዶ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ሞተ። አንድ ለቀኝ ዓይን፣ አንድ ለግራ ዓይን። የሟቹን ስም የጠየቀችው በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

አያ ጅቦ በዚህ ይበግን ነበር።

"እኔ ከልቤ እያለቀስኩ 'ራቅ ብለህ ተቀመጥ' እባላለሁ። እሷ መሐል ገብታ ማር ትልሳለች!"

"አያ ጅቦ፣ አንተ የምታለቅሰው ለሟቹ ነው ወይስ ለሥጋው?" አሉት።

"ለሁለቱም! እኔ መዋሸት አልችልበትም!"

ጉሬዛ ወፈረች። ጠጉሯ አማረ። ቅጠል መብላት ረሳች። አንድ ቀን አባ ኤሊ ከመንገድ ሲመለሱ አገኘቻቸው።

"ምነው ተመለሱ፣ አባ ኤሊ?"

"ዳነ እኮ፣ ልጄ።"

"አይ! ምን ዓይነት ዕድል ነው!"

"ምን አልሽ?"

"እሰይ! እሰይ ነው ያልኩት።"

አባ ኤሊ አንገታቸውን ከድንጋያቸው አውጥተው አዩዋትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ክረምት ገባ። አንድ ማለዳ አባ ኤሊ ደግሞ ወጡ። ፊታቸው ወደ ጃርት ኮረብታ ነበር።

"ማን ታመመ፣ አባ ኤሊ?" አለች ጉሬዛ።

"የጋሽ ጃርት ልጅ። እሸቴ።"

"ትልቁ ነው?"

"ትልቅም ትንሽም የላቸውም። እሱው ነው።"

አባ ኤሊ በዚያ ቀን ከወትሮው ይልቅ ቀስ ብለው ይሄዱ ነበር። መድረሱን አልፈለጉትም።

ጃርት ሲወለድ እሾሁ እንደ ሣር ለስላሳ ነው። የእሸቴ እሾህ ገና አልጠነከረም ነበር። ማታ ማታ ከአባቱ ሆድ ሥር፣ እሾህ ከሌለበት በኩል ገብቶ ይተኛል። ሦስት ቀን ትኩሳት ያዘው። በአራተኛው ሞተ። ነገሩ ይኸው ነው።

ጉሬዛ ፍሬ ልትለቅም ወደ ገደሉ ተመልሳ ስለነበር የደረሰችው ለሰልስቱ ነው። ግቢው ሞልቷል። ሰው ግን እንደ ሌላው ለቅሶ አይንጫጫም፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያል። ጋሽ ጃርት ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ልጁ የተቀበረ ዕለት እሾሁ ሁሉ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። አላለቀሰም። እህል አልቀመሰም። በዚያ አገር ሐዘንተኛን አቅፎ ማልቀስ ወግ ነው። ጋሽ ጃርትን ግን ማን ይቀፈው? የሞከረው ጥንቸል ብቻ ነበር፤ ጆሮውን ተበስቶ ተመለሰ።

እመት ጃርት ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች። አሁን የምትናገረው በሹክሹክታ ነው።

"እኔ አልቅሼ ወጣልኝ። የእሱ ውስጡ ቀረ። ልጄን ቀብሬያለሁ፤ በወሩ አባቱን አታስቀብሩኝ። አንድ ነገር አድርጉ።"

"ምን እናድርግ?" አለች የከርከሮ ሚስት። "ሦስት ቀን ሙሉ በሞቴ፣ በሞቴ አልነው። አይሰማም።"

ጉሬዛ ከዛፍ ጀርባ ሆና ይህን ሰማች። የሰማችው ግን በጆሮዋ ብቻ ነው። ዓይኗ እዝኑ ላይ ነበር። ለልጅ ለቅሶ የሚመጣ እዝን ይበዛል። "ለልጅ ለቅሶ ብዙ እንባ ያስፈልጋል" ብላም ከጥፍሯ ሥር ሦስት ፍሬ ጠቀጠቀች። አንድ ለቀኝ ዓይን፣ አንድ ለግራ ዓይን። ሦስተኛውን ለከሰዓት አስቀመጠችው።

ደረቷን እየመታች ገባች። አፏን ለሙሾ ከፈተች።

ሙሾ አልመጣም።

ሥር አልቆፈረ፣ መስክ አላረሰ፣ ወንዝ አልተሻገረ። ምን ተብሎ ሙሾ ይወርድለታል? ጉሬዛ አፏን ከፍታ ቆየች። በመጨረሻ የሚታወቀው ስሙ ብቻ ስለነበረ ስሙን ጠራች።

"እሸቴ! እሸቴ!"

እንባዋ እንደ ክረምት ፍሳሽ ወረደ።

"ጉሬዛ አለቀሰች፤" ብላ ጀመረች ሚዳቋ፣ "ለጉሬዛ አቅር..."

"ቆይ!" አሉ አባ ኤሊ። "ዛሬ ለጉሬዛ አይቀርብም። ዛሬ ጉሬዛ ታቅርብ።"



"አልቅሶልህ ከመጣ ሰው እጅ የተሰጠህ ጉርሻ አይመለስም። የአባቶቻችን ወግ ነው። ከሁላችን አብልጣ ያለቀሰች እሷ ናት። ክንዷም ከሁላችን ይረዝማል፤ በእሾሁ መሐል ያልፋል። ጋሽ ጃርትን ታጉርሰው።"

ጉሬዛ ደነገጠች።

"አባ ኤሊ፣ እጄ... እጄ እኮ ንጹሕ አይደለም።"

"ውሃ አምጡላት።"

ውሃ መጣ። ጉሬዛ አሸችው፤ ፈተገችው፤ ደግማ ታጠበች። ልቧ ትንሽ ተመለሰ። ውሃ ግን ያንን ፍሬ ያባብለዋል እንጂ አያባርረውም። ከጥፍሯ ሥር ያለው እዚያው ነበር።

"በግራዬ ላጉርሰው ይሆን?" አለች ቀስ ብላ።

"በግራ!" ብላ ጮኸች የከርከሮ ሚስት። "ሐዘንተኛ በግራ! ምን ነካሽ፣ አንቺ ሴት? ወግ ከአንቺ ነው የተማርነው!"

ማምለጫ አልነበረም። ጉሬዛ በቀኝ እጇ ንፍሮ ዘገነች። ክንዷን በእሾሁ መሐል ቀስ አድርጋ ላከች። ከቅርብ ስታየው የጋሽ ጃርት ዓይን ደረቅ ነበር። ጉሬዛ ያንን ዓይን አወቀችው። እናቷ የሞተች ዕለት የራሷ ዓይን እንደዚያ ነበር።

"በሞቴ፣" አለች። ይህን ስትል የመጀመሪያዋን እውነት ተናገረች። "በሞቴ፣ ጋሽ ጃርት። አንዴ ብቻ።"

ጋሽ ጃርት አልፈለገም። ወግ ግን ወግ ነው። አፉን ከፈተና ጎረሰ።

አኘከ። ቆመ። ደግሞ አኘከ። ከዚያ ዓይኑ ተከፈተ፤ እሾሁ ሁሉ ተንኳኳ፤ ከጉሮሮው "እህህ!" የሚል ድምፅ ወጣ።

"መርዝ ነው! አበላችው!" አለች ሚዳቋ።

አያ ጅቦ ከሩቅ ቦታው ተስፈንጥሮ የጉሬዛን ጭራ ያዘ። "ነግሬያችሁ ነበር! ነግሬያችሁ ነበር!"

"ምን ብለህ ነገርከን?"

"ምንም! ግን ልነግራችሁ ነበር!"

"እጅሽን፣" አሉ አባ ኤሊ።

ጉሬዛ ዘረጋች። ከአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ቀይ ነገር ይታያል።

"ደም ነው፣ አባ ኤሊ። ደረቴን ስመታ ጥፍሬ..."

"ኧረ የምን ደም!" የሚል ድምፅ ከጣሪያው ላይ መጣ። ድንቢጥ ነበረች። "ቁርሴ ነው እንጂ!" ወርዳ ጣቷ ላይ አረፈች፤ ከጥፍሩ ሥር ቁራጩን ለቀም አድርጋ በሁሉም ፊት ዋጠችው። "ይኸው። ሞትኩ እንዴ? መርዝ ቢሆን አንድ ዓመት ሙሉ በልቼ እዘምርላችሁ ነበር? እሷ ግን ስትቀምሰው ዓይኗ ያለቅሳል። ከገደሉ ሥር አይቻታለሁ።"



"ዓይኗ ያለቅሳል?" አለች የከርከሮ ሚስት ቀስ ብላ። "እንግዲያ ለባሌም...?"

"ለባልሽም፣" አለች ጉሬዛ።

"ለአማቴስ?" አለች ሚዳቋ።

"ለአማትሽም። እንባ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ። 'ልብሱ ብቻ ነው' ብላችሁኝ ነበር፤ ልክ ናችሁ።"

"እኔ ስንቱን ቀን በእውነት እያለቀስኩ ጦሜን ዋልኩ!" አለ አያ ጅቦ፤ ጭራዋን ጠበቅ አደረገ። "አባ ኤሊ፣ ይፍረዱና ልብላት!"

"ዝም በሉ!"

የእመት ጃርት ሹክሹክታ ነበር። ሁሉም ዞረ።

ጋሽ ጃርት እያለቀሰ ነበር።

መጀመሪያ የወረደው የፍሬው እንባ ነው። ከኋላው ግን ሌላው መጣ። በጉ ሁሉ በር ላይ ተጨናንቆ ሳለ አንዱ ከወጣ ሌላው እንደሚከተለው ማለት ነው።

"አቃጠለኝ፣" አለ። "አቃጠለኝ። አቃጠለኝ።"

ምኑ ብሎ የጠየቀው የለም።

አለቀሰ፤ አለቀሰ። እሾሁ ከማጅራቱ ጀምሮ ወረደ፤ ወደ ትከሻው፣ ወደ ወገቡ፣ እስከ ጭራው ድረስ አንድ በአንድ ተኛ። እመት ጃርት ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። ተደገፈችው። አልወጋትም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋሽ ጃርት ቀና አለ።

"እትዬ ጉሬዛ።"

"አቤት።"

"ያ ነገር ሌላ አለሽ?"

"ያቃጥላል እኮ፣ ጋሽ ጃርት።"

"ያቃጥላል። ግን ጨምሪልኝ።"

ከነጭ ጠጉሯ ውስጥ ሸሽጋ የያዘችውን ፍሬ ሁሉ አውጥታ በንፍሮው ላይ ደቆሰችለት። ጋሽ ጃርት አንድ ገበታ ንፍሮ በላ። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ እህሉ ነበር። እየበላ ያለቅሳል፤ እያለቀሰ ይበላል፤ በየመሐሉ "ያቃጥላል፤ ግን ጨምሩልኝ" ይላል።

ሌሎቹ አዩ። ማየት ብቻ አልበቃቸውም።

"እስቲ ለእኔ፣" አለች የከርከሮ ሚስት። ቀመሰች። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ "እስካሁን ታለቅሳለች" እንዳይሏት ካቆመች ቆይታለች። አሁን እንባዋ ወረደ። "ፍሬው ነው፣" አለች ፊቷን እየጠረገች። "ያቃጥላል። ግን ጨምሩልኝ።"

ሚዳቋ ቀመሰች። ጥንቸል ቀመሰ። አያ ጅቦ የጉሬዛን ጭራ ለቆ ቀርቦ ቀመሰ፤ ራቅ በል ያለው አልነበረም።

"አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ለማን ነው?"

"ፍሬው ነው!" አለ። ቆየና፣ "እኔም እናት ነበረችኝ፣" አለ። "የእሷ ዕለት ማንም አልመጣም። ጨምሩልኝ።"

ለቅሶው እንዲህ ሆኖ ዋለ። አቃጠለን ይላሉ፤ ይጨምራሉ። ውሃ ይላሉ፤ ደግሞ ይጨምራሉ። በግቢው ውስጥ ደረቅ ዓይን የነበራት ድንቢጥ ብቻ ናት። "ቁርሴን ጨረሳችሁት!" እያለች ከጣሪያ ጣሪያ ትበራለች።

ፍርዱ የተሰጠው ማግስት ነው። አያ ጅቦ ትባረር አለ። ሚዳቋ የበላችውን ትመልስ አለች። አባ ኤሊ ሁሉንም ሰምተው፣ "ጋሽ ጃርት፣ አንተስ?" አሉ።

"ከእናንተ እህል በልታለች። እኔን ደግሞ እህል አብልታኛለች፣" አለ ጋሽ ጃርት። 

አባ ኤሊ አንገታቸውን አስገብተው አሰቡ፤ አወጡና ፈረዱ።

"ጉሬዛ፣ ከዛሬ ጀምሮ የለቅሶ ቤት እህል አትቀምሺም። ወደ ቅጠልሽ ተመለሺ። ፍሬውን ግን ለየለቅሶ ቤቱ አንቺ ታደርሻለሽ፤ የምትደቁሽውም ባታለልሽበት ጣት ነው። ድንጋይ ላይ፣ በአውራ ጣትሽ።"

ጉሬዛ ፍርዱን ተቀበለች። ሰው በሞተ ቁጥር ፍሬውን ትለቅማለች፤ ድንጋይ ላይ በአውራ ጣቷ ትደቁሳለች፤ በቅጠል ጠቅልላ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ንፍሮው ይሸታታል፤ አትቀምስም። ዓመት አለፈ፤ ሌላ ዓመት አለፈ። ሚጥሚጣ ለፍሬው በኋላ የተሰጠ ስም ነው፤ ሚጥሚጣው ጥፍሯን በላ። ድንጋዩ ጣቷን በላ። አውራ ጣቷ አለቀ። ዛሬ ጉሬዛን ብታዩ አራት ጣት ብቻ ነው ያላት።

ጣቷ ያለቀ ዕለት ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ባዶ ቦታውን አየች። እናቷ በሕይወት ሳለች በዚያ ሰዓት ጠጉሯን በአውራ ጣቷ እየገለጠች ትቀምልላት ነበር። ጉሬዛ ያንን አስባ አታውቅም ነበር። አሁን አሰበችው። ጥፍሯ ሥር ምንም አልነበረም፤ ጥፍሩም አልነበረም። ዓይኗ ግን ረጠበ።

አፏን ከፍታ ጮኸች። የሰማት የለም። እዝን ያመጣላትም የለም። እሷም አላቆመች። እስከ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከጫካ የምትሰሙት ያ ድምፅ የእሷ ነው።

ሚጥሚጣው ደግሞ በዚያ ቁጥቋጦ አልቀረም። ድንቢጥ ቁርሷ እንዳያልቅባት ሰግታ በየአገሩ እየዞረች በላች፤ ባረፈችበት ሁሉ ፍሬው ከኩሷ በቀለ። አንዱ ከሰው ጓሮ በቀለ። ሰውም ቀመሰው፤ ጮኸ፤ ውሃ ጠጣ፤ ተመልሶ "ጨምሩልኝ" አለ። ለጥሬ ሥጋ አደረገው፣ ለዓሣ አደረገው፣ ለክትፎ አደረገው። ለምን እንደወደደው ቢጠይቁት አያውቅም።

አንድ ጎልማሳ ገበታ ላይ ሚጥሚጣ ነክሶ ዓይኑን ሲጠርግ ብታዩት፣ ልጆች፣ "ምን ሆንክ?" አትበሉት። ሚጥሚጣው ነው ይላችኋል። እሺ በሉትና ጨምሩለት።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ አፌ ተቃጥሏልና ውሃ ስጡኝ።

እንባ ምክንያት አያጣም፤ ሰበብ ያጣል እንጂ።